የጓዝ ጣጣ ከጅማ ይጀምራል

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጅማ ከተማ የቤት ዕቃ በማሸግ፣ በማጓጓዝና በጉምሩክ አስተላላፊነት ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች ነን። ዲቪ የደረሰው፣ ቤተሰቡን ተከትሎ የሚሄደው፣ የዩኒቨርሲቲ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለሰው መምህር፣ ሁሉም ጓዙን ጠቅልሎ ሲነሳ የሚጨነቀው ስለ ባሕሩ ነው። መርከቡ ምን ይገጥመው ይሆን? ጅቡቲ ላይ ይጠፋ ይሆን? እኛ ግን ተሰብሮ፣ ሻግቶ ወይም ወደብ ላይ ተይዞ የቀረ ጓዝ ሲያጋጥመን ምክንያቱን ወደ ኋላ ተመልሰን ስንፈልግ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው እዚሁ ጅማ ላይ ነው። እርጥብ እንጨት፣ በቅጡ ያልተጻፈ ዝርዝር፣ አስቀድሞ ያልተጠየቀ ሕግ፤ ሦስቱም ጭነቱ ግቤን ሳይሻገር የተፈጠሩ ናቸው። ስለዚህ አንባቢዎቻችሁ መኪና ከመከራየታቸው በፊት ይህን እንዲያነቡልን እንለምናለን።

ከሁሉ በፊት ሜትር ይያዝ። የባሕር ጭነት የሚከፈልበት በሜትር ኩብ ወይም በቶን ሲሆን ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። የቤት ዕቃ ቦታ የሚይዝ እንጂ የሚከብድ ስላልሆነ ሒሳቡ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል በኩብ ነው። የአየር ጭነት ደግሞ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ይካፈልና የተገኘው ቁጥር እንደ ኪሎ ይቆጠራል፤ ከእውነተኛው ክብደት ከበለጠ የሚከፈለው በእሱ ነው። 60 በ40 በ40 የሆነ ካርቶን በዚህ ስሌት 16 ኪሎ ነው። ውስጡ 9 ኪሎ ጋቢና ብርድ ልብስ ቢኖርም የሚከፈለው የ16 ኪሎ ነው። ፍራሽና ትራስ በአውሮፕላን መላክ አያዋጣም የምንለው ለዚህ ነው።

ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ 5.9 ሜትር ርዝመት፣ 2.35 ሜትር ስፋት፣ 2.39 ሜትር ቁመት አለው። በወረቀት 33 ሜትር ኩብ ይሁን እንጂ ወንበርና ጠረጴዛ ሲጫንበት ከ25 እስከ 28 ያህል ነው የሚይዘው። ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ወደ 2 ሜትር ኩብ፣ ማቀዝቀዣ 1፣ የልብስ ማጠቢያ ከነመጠቅለያው 0.4 ያህል ይወስዳል። ጓዙ ከ10 ሜትር ኩብ በታች ከሆነ ብቻውን ኮንቴይነር መያዝ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ ከሌሎች ሰዎች ዕቃ ጋር ተደባልቆ ቢሄድ ይሻላል። ከ2 በታች ከሆነ ደግሞ የአየሩንም ዋጋ አብሮ መጠየቅ ነው። የድብልቅ ጭነት ችግሩ በየመጋዘኑ መውረዱና መጫኑ ብቻ አይደለም። የአንዱ ሰው ዕቃ ለፍተሻ ከተያዘ የሌላውም አብሮ ይቆማል። የሚቸኩል ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ዋጋ ሲጠየቅ «እስከ የት?» የሚለው ጥያቄ አይረሳ። እስከ ወደብ ነው? እስከ ቤት በር ነው? የመድረሻው ወደብ የማውረጃና የመጋዘን ክፍያ አለበት? ጉምሩክ ኮንቴይነሩን ለመፈተሽ ቢይዝ የፍተሻው ወጪ የማን ነው? ኮንቴይነሩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚቆይባቸው ነፃ ቀኖች ስንት ናቸው? ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሚቆጠረው የመቆያ ክፍያ፣ ዲሜሬጅ የሚባለውስ? በጣም ርካሽ ሆኖ የሚቀርብ ዋጋ ብዙውን ጊዜ እነዚህን ያላካተተ ነው። በዚያ ማዶ ያለው ቤተሰብ ድንገት ገንዘብ ሲጠየቅ ነገሩ ይገለጣል። የሥራ ባልደረቦቻችንንም ጭምር የምንወቅሰው በዚህ ነው። የተካተተውም ያልተካተተውም በጽሑፍ ይሰጥ፤ በስልክ የተነገረ ዋጋ ዋጋ አይደለም።

አሁን ወደ እንጨቱ እንምጣ። ከጅማ የሚወጣ ጓዝ ከሌላ ከተማ ጓዝ የሚለየው በዚህ ነው። በእጅ የተፈለፈለ የዋንዛ ወንበር፣ በርጩማ፣ አልጋና የሳሎን ጠረጴዛ የሌለበት የጅማ ቤት ጥቂት ነው፤ የሚሄደውም ሰው ይህን ትቶ መሄድ አይሆንለትም። ትክክል ነው፣ ይውሰደው። ግን ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው፤ በክረምት የተገዛ አዲስ ወንበር ውስጡ ውኃ የቋጠረ ነው። ይህ እንጨት በታሸገ ኮንቴይነር ጅቡቲ ሲደርስ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሆን ሙቀት እርጥበቱን ይተፋል። ሌሊት መርከቡ ላይ የብረቱ ጣሪያ ሲቀዘቅዝ ያ እንፋሎት ጣሪያው ላይ ጠል ይሆንና ተመልሶ ዕቃው ላይ ይንጠባጠባል። በሥራችን የኮንቴይነር ዝናብ እንለዋለን። ፍራሹ የሚሻግተው፣ ፎቶ አልበሙ የሚጣበቀው፣ የቆዳ ቦርሳው አረንጓዴ የሚያወጣው በዚህ ነው። ከውጭ አንዲት ጠብታ ሳትገባ ጓዙ ይበሰብሳል።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ለጉዞ ተብሎ የሚገዛ የእንጨት ዕቃ ቢያንስ ከጥቂት ወራት በፊት ተገዝቶ አየር በሚያገኝ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቢቻል በበጋ። የእርጥበት መለኪያ ያለው አናጢ ከተገኘ 12 በመቶና ከዚያ በታች ይፈለጋል። መለኪያ ከሌለ ዕቃውን በላስቲክ አጥብቆ ጠቅልሎ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ማቆየት ነው። ላስቲኩ ውስጡ ላብ ከቋጠረ እንጨቱ ገና አልደረቀም። ሲታሸግም እንጨትን በቀጥታ በላስቲክ መጠቅለል ስህተት ነው፤ መጀመሪያ ብርድ ልብስ ወይም ወፍራም ወረቀት፣ ላስቲክ የሚያስፈልግ ከሆነ ከዚያ በላይ። የቡና ላኪዎች ኮንቴይነሩን ግድግዳና ጣሪያውን በወፍራም ወረቀት ሸፍነው እርጥበት የሚስብ ከረጢት ይሰቅላሉ። ለቤት ዕቃም ይኸው ይሠራል። ኮንቴይነሩ ከመጫኑ በፊት አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ በሩ ይዘጋ። የብርሃን ጭላንጭል ከታየ ቀዳዳ አለና ሌላ ይጠየቅ።

ከቀዝቃዛ አገር ቤት ጋር የተያያዘ ሌላ ነገርም አለ። ክረምቱን በማሞቂያ የሚያሳልፍ ቤት አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ እንጨቱ እዚያም መድረቁን ይቀጥላል። በሙጫና በምስማር ዙሪያውን የተያዘ ሰፊ ጣውላ የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። አናጢውን ጣውላው በፍሬም ውስጥ እንዲንቀሳቀስ ቦታ እንዲተውለት መንገር ያስፈልጋል። የነቀዝ ዱቄት የሚያፈስ፣ ትናንሽ ክብ ቀዳዳ ያለው ዕቃ ደግሞ ጭራሽ አይላክ፤ ከተገኘ ጓዙ በሙሉ በጭስ እንዲታጠን ይደረግና ወጪው በባለቤቱ ላይ ይወድቃል።

ሰዎች ዕቃውንና ማሸጊያውን ያምታታሉ። ለእንጨት ማሸጊያ፣ ማለትም ለሳጥን፣ ለፓሌትና ለመደገፊያ እንጨት፣ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። እንጨቱ እስከ መሐሉ 56 ዲግሪ ደርሶ ለ30 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ይህ መፈጸሙን የሚያሳይ የስንዴ ዘለላ ምልክትና የአገር ኮድ ያለው ማኅተም ይታተምበታል። ከሠፈር በተገዛ ባሕር ዛፍ አናጢ የመታው ሳጥን ይህ ማኅተም የለውም፤ መድረሻ ወደብ ላይ ጓዙን የሚያስይዘውም እሱ ነው። ማኅተም ያለው እንጨት ካልተገኘ በካርቶንና በኮምፔንሳቶ ይታሸግ፤ ኮምፔንሳቶ በደንቡ አይነካም። ግን ጠርዙ በጥሬ ጣውላ ከተጠናከረ ያ ጣውላ ማኅተም ይጠየቃል።

አብዛኛው የጅማ ጓዝ በኢሱዙ ወደ አዲስ አበባ ወይም ሞጆ ሄዶ እዚያ ኮንቴይነር ውስጥ ይገባል። ይህ ማለት ዕቃው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይጫናል፣ አንድ ጊዜ ይወርዳል ማለት ነው። የግቤን ቁልቁለትና ዳገት የማይችል ማሸጊያ ባሕሩን አይችልም። ጀበና ከሁሉ ቀድሞ የሚሰበረው አንገቱ ላይ ነው። አንገቱ ውስጥ የተጨማደደ ወረቀት ይሞላ፣ እጀታው ለብቻው ይጠቅለል፣ ከዚያ ቆሞ እንጂ ተኝቶ አይታሸግ። ሳህን በጠርዙ ይቁም፤ ተደራርቦ የተኛ ሳህን የላይኛው ክብደት የታችኛውን ይሰብረዋል። የሸክላ ምጣድም እንዲሁ በጠርዙ ይቆማል። መጽሐፍ በትንሽ ካርቶን፣ ከ15 ኪሎ ብዙም ሳይበልጥ። ካርቶኑ እስከ አፉ ካልሞላ ሌላ ሲጫንበት ይጨፈለቃል፤ የተረፈውን ቦታ በፎጣና በልብስ መሙላት ነው። የአልጋ ብሎን በትንሽ ፌስታል ታስሮ ከአልጋው እግር ጋር ይጣበቅ እንጂ «አንድ ላይ ይሁን» ተብሎ የሁሉም ዕቃ ብሎን አንድ ቆርቆሮ ውስጥ አይጨመር።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበብ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የትም ይሠራል። 220 ብቻ የሚል ከሆነ አሜሪካና ካናዳ ተራ ሶኬት ላይ አይሠራም፤ እዚያ 120 ቮልት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል የሚስብ ስለሆነ በተራ መቀየሪያ የሚነዳ አይደለም፤ ከሚላከው እዚያው ለአገሩ ቮልት የተሠራውን መግዛት ይቀላል። አውሮፓ ለሚሄድ ግን ይህ ችግር የለም።

ዝርዝሩ ላይ አጥብቀን እንናገራለን። «የቤት ዕቃ፣ 35 ካርቶን» ተብሎ የሚጻፍ ወረቀት ዝርዝር አይደለም፤ ለፍተሻ መጋበዣ ነው። እያንዳንዱ ካርቶን ቁጥር ይኖረዋል፤ ለምሳሌ ካርቶን 14፣ የወጥ ቤት፣ 12 ሲኒ፣ 1 ጀበና፣ 1 ረከቦት፣ ያገለገለ፣ ግምቱ ይህን ያህል። ቴሌቪዥንና ኮምፒዩተር የሴሪ ቁጥራቸው ይጻፋል። ዝርዝሩ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሁን፣ ዕቃው እየታሸገ ይጻፍ፤ ካርቶኑ ከተዘጋ በኋላ ከትዝታ የሚጻፍ ዝርዝር ይሳሳታል። የስም አጻጻፍም ብዙ ጓዝ አስይዟል። ሊብሬው፣ ፓስፖርቱና የጭነት ሰነዱ ላይ የአንዱ ሰው ስም በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ አንዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል ሳይቀነስና ሳይጨመር፣ በሁሉም ላይ አንድ ይሁን።

የቀረጥ ነፃ መብት የሚገኘው በዚሁ ዝርዝር ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኅብረቱ ውጭ ቢያንስ 12 ወር ለኖረ ሰው፣ ቢያንስ 6 ወር የተገለገለበትን ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባሉ፤ ከገባ በኋላ 12 ወር ሳይሞላው መሸጥ አይቻልም። ብሪታንያም ተመሳሳይ ነው፤ ማመልከቻው ግን ዕቃው ከመድረሱ በፊት መቅረብ አለበት። አሜሪካ አንድ ዓመት የተገለገሉበትን የቤት ዕቃ ትጠይቃለች። ካናዳ የሚሄድ ሰው ደግሞ መጀመሪያ በገባበት ቀን አብሮት ያለውንም ኋላ የሚመጣውንም ዝርዝር ለድንበር ሠራተኛው ካላቀረበ ኋላ የሚመጣው ላይ ችግር ይገጥመዋል። ሰውዬው በአውሮፕላን ሄዶ ጓዙ ወር ቆይቶ ስለሚደርስ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን ነው። ለመንገድ ተብሎ በመጨረሻው ሳምንት የተገዛ አዲስ ዕቃ ከዚህ መብት ውጭ ነው፤ ከነደረሰኙ ለብቻው ይጻፍ።

የብራና መጽሐፍ፣ አሮጌ መስቀልና መሰል ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይወጣም፤ ዛሬ የተሠራ ቢሆን እንኳ አሮጌ የሚመስል ከሆነ አስቀድሞ አሳይቶ ወረቀት መያዝ ይጠቅማል። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚታየው የጉሬዛ ቆዳ በዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት የተመዘገበ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከተገኘ መወረስ ብቻ ሳይሆን ክስም ያመጣል። ቅቤና ቋንጣ አውሮፓ አይገባም። ቡናው ተቆልቶ ይሂድ፤ ጥሬው እንደ አውስትራሊያ ባለ አገር ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ምግብን ከጓዙ ጋር አለመቀላቀል ነው። አንዲት ኪሎ በርበሬ ኮንቴይነሩን ሙሉ ልታስከፍት ትችላለች።

መኪና መላክን በተመለከተ ምክራችን ግልጽ ነው፤ አብዛኛው ሰው ባይልክ ይሻለዋል። እዚህ አገር የመኪና ዋጋ በቀረጥና በኤክሳይዝ ታክስ ምክንያት ከፍ ያለ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ እዚህ ያለው ያገለገለ መኪና የበለጠ ተፈላጊ ሆኗል። ከውድ ገበያ አንስቶ ወደ ርካሽ ገበያ መኪና ማጓጓዝ ትርፍ የለውም። ብሩን ወደ ውጭ ለማውጣት ዘዴ ነው ብለው የሚያስቡም እንዳሉ እናውቃለን፤ ያ ጥያቄ በባንክ በኩል በሕጉ የሚጠየቅ ነው፣ መኪናው መልሱ አይደለም።

በዚያ ላይ አገሩ ላይቀበለው ይችላል። አሜሪካ ለገበያዋ ደረጃ ያልተሠራ መኪና የምትቀበለው 25 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ካናዳ 15። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ5 ዓመት በላይ የሆነ የቤት መኪና አታስገባም። ኬንያ መሪው በግራ የሆነውን አትቀበልም፣ ከ8 ዓመት በላይ የሆነውንም እንዲሁ፤ የእኛ መኪኖች ደግሞ መሪያቸው በግራ ነው። አውስትራሊያ መኪናው መርከብ ላይ ከመውጣቱ በፊት ፈቃድ ትጠይቃለች። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ መኪና የትም ቢሄድ የቴክኒክ ምርመራ ላይ ይወድቃል ብሎ ማሰብ ይሻላል።

ይህን ሁሉ አልፎ መላክ ያለበት ካለ፣ ሊብሬው ላይ የባንክ ዕዳና እገዳ እንደሌለ ከመዘገበው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይያዝ፤ በቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ከጉምሩክ ጋር ያለው ጉዳይ ቀድሞ ይለቅ። የሻንሲ ቁጥሩ መኪናው ላይ ካለው ጋር በዓይን ይመሳከር፤ ዝገት የበላው ቁጥር ወደብ ላይ ያስቆማል። የጅማ ቀይ አፈር ከጎማ መከለያው፣ ከራዲያተሩ መሐልና ከስኮርታ ጎማው ሥር ሙልጭ ብሎ ይታጠብ። ነዳጁ ከሩብ ጋን አይበልጥ፣ የባትሪው ሞርሴቶ ተፈትቶ በፕላስተር ይሸፈን። ኮንቴይነር ውስጥ ሲገባ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሽ ውስጥ ይግባ፣ አራቱም ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በእንጨት ይታገዱ፤ ማሰሪያው ቸርኬው ላይ አልፎ ወለሉ ላይ ካሉት ቀለበቶች ጋር ይታሰር። ፓራውልት ላይ የታሰረ መኪና ፓራውልቱን ጥሎ ይንቀሳቀሳል። ቪትዝን የመሰለ 3.7 ሜትር አካባቢ የሆነ መኪና በባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ከገባ ወደ 2 ሜትር ቦታ ይተርፋል፤ ካርቶን እዚያ ሊቆም ይችላል፣ በመሐሉ ግን የማይገፋ ግድግዳ ይሠራ። በራሱ ጎማ ተነድቶ መርከብ ላይ የሚወጣ መኪና ደግሞ ውስጡ ባዶ መሆን አለበት። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው መርከብ ድርጅቱን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የማይቀበሉ አሉ፣ የሚቀበሉትም ባትሪው ስንት በመቶ ቻርጅ ይኑረው የሚለውን ይወስናሉ።

ኢንሹራንስ ላይ ሁለት ነገር። በባለቤቱ እጅ የታሸገ ካርቶን ውስጡ ያለው ቢሰበር ብዙ ፖሊሲዎች አይከፍሉም፤ ስለዚህ የሚሰበረውን ባለሙያ ቢያሽገው ይመረጣል። ዕቃውን በግማሽ ዋጋ ያስመዘገበ ሰው ደግሞ ጉዳት ሲደርስ የሚከፈለው በግማሽ ነው። መርከቡ አደጋ ላይ ወድቆ ለማዳን የወጣውን ወጪ ሁሉም ባለ ጭነቶች የሚጋሩበት አሮጌ የባሕር ሕግ እንዳለም ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ሱዌዝ ላይ የተጣበቀው ኤቨር ጊቨን ይህንኑ አውጆ ነበር፤ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው የራሱ ዕቃ ምንም ሳይሆን ዋስትና ሳያስይዝ አይረከብም። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር ባለው ስጋት ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ስለዞሩ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚሄደው ጓዝ ከተለመደው በላይ ሊቆይ ይችላል። መድረሻ ቤት ያልተከራየ ሰውም ጓዙን አስቀድሞ አይላክ፤ ዲሜሬጁ ቀን አይጠብቅም።

መጨረሻ ላይ የኮንቴይነሩ በር ሲታሸግ በሩ ላይ የሚደረገው ማሸጊያ ቁጥር በስልክ ፎቶ ይነሳና የጭነት ሰነዱ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። የጭነት ሰነዱ ኦሪጅናል፣ የዕቃው ዝርዝር፣ የኢንሹራንሱ ወረቀት፣ ሊብሬውና ሁለተኛው የመኪና ቁልፍ በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ ካርቶን ውስጥ የታሸገ ሰነድ ካርቶኑን ማስለቀቅ አይችልም።

ከአክብሮት ጋር
በጓዝ ማሸግና በጉምሩክ አስተላላፊነት ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች፣ ጅማ